የአካባቢ ዕፅዋት ማዕከል፦ ከጉለሌ እስከ ሞጆ

የዕፅዋት ማዕከል ዕፅዋት በሥርዓት ተሰብስበው፣ ስማቸውና ምንጫቸው ተመዝግቦ ለጥናት፣ ለጥበቃና ለሕዝብ ትምህርት የሚውሉበት ስፍራ ነው። ከመናፈሻ የሚለየው መዝገቡ ነው። የመናፈሻ ዛፍ ጥላ ከሰጠና አበባው ካማረ በቂ ነው፤ የዕፅዋት ማዕከል ዛፍ ግን ዘሩ ከየትኛው ቀበሌ እንደ ተለቀመ፣ በስንት ሜትር ከፍታ ይበቅል እንደ ነበር፣ መቼ እንደ ተተከለ ካልታወቀ ለተመራማሪውም ለዘር ፈላጊውም እምብዛም አይጠቅምም። ከችግኝ ጣቢያም ይለያል። ችግኝ ጣቢያ በክረምት መግቢያ ያፈላውን አከፋፍሎ መደቡን ባዶ ያደርጋል፤ ማዕከሉ ግን ዛፉን አሳድጎ፣ አበባና ፍሬው የሚወጣበትን ጊዜ ተከታትሎ፣ ከዓመታት በኋላ ለችግኝ ጣቢያው ራሱ ዘር ይሰጣል።

ይህ አሠራር በዓለም ላይ የቆየ ነው። በጣሊያን ፓዶቫ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1545 የተመሠረተው ማዕከል የሕክምና ተማሪዎች የመድኃኒት ዕፅዋትን ከመርዛማዎቹ መለየት እንዲማሩ የተቋቋመ ሲሆን እስከ ዛሬ በዚያው ቦታ ይገኛል። የለንደኑ ኪው እ.ኤ.አ. በ1759 ተጀመረ። በአፍሪካ ደግሞ ቅኝ ገዢዎች በጋና አቡሪ እ.ኤ.አ. በ1890፣ በኡጋንዳ ኢንቴቤ በ1898 ተመሳሳይ ስፍራዎችን አቋቁመዋል። የእነዚህ ዋና ሥራ ግን የአገሩን ዕፅዋት ማሳየት አልነበረም። ከሌላ አህጉር የመጡ እንደ ጎማ ዛፍና ካካዎ ያሉ ለገበያ የሚሆኑ ተክሎች በአፍሪካ አፈር ይበቅሉ እንደ ሆነ የሚሞከርባቸው እርሻዎች ነበሩ። ይህን ልማድ የቀየረው በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው ኪርስተንቦሽ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአገሩን ዕፅዋት ብቻ ለመትከል የተቋቋመ በመሆኑ፣ ዛሬ የአካባቢ ዕፅዋት ማዕከል ለሚባለው ዓይነት በአህጉሩ ቀዳሚ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ሰዎች በየጓሯቸውና በየተራራቸው የሚያዩትን ተራ ቁጥቋጦ ስምና ክብር ሰጥቶ ማሳየቱ ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር።

የኢትዮጵያ ዕፅዋት ለረጅም ዘመን የተጠኑት ከአገር ውጭ ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ በሰሜን ኢትዮጵያ ኖሮ በሺህ የሚቆጠሩ ደረቅ የዕፅዋት ናሙናዎችን ወደ አውሮፓ ልኳል። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር የአቢሲኒያን ዕፅዋት የሚዘረዝር መጽሐፉን ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመ ጊዜ የተጠቀመው ከኢትዮጵያ በተወሰዱ ናሙናዎች ነበር። ስለዚህም ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተሰጠባቸው የብዙ ኢትዮጵያውያን ዕፅዋት ዋና ናሙናዎች የሚገኙት ፓሪስን፣ ለንደንንና ፍሎረንስን በመሳሰሉ ከተሞች ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 መቋቋሙ ይህን ታሪክ መለወጥ ጀመረ። በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዝግቧል፤ ከእነዚህ ውስጥ 10 በመቶ ያህሉ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። ሥራውን በመጀመሪያ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኋላም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ዛሬ በብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የዘር ባንክ ተከፈተ።

ሄርባሪየሙ የደረቀ ቅጠል፣ የዘር ባንኩ የቀዘቀዘ ዘር ያስቀምጣሉ። ሕያው ዕፅዋት የሚታዩበት ትልቁ ስፍራ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን በእንጦጦ ሰንሰለት በስተምዕራብ 705 ሄክታር መሬት ይሸፍናል። ቦታው ሲረከቡት አብዛኛው በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነበር። ባሕር ዛፉን በየተራ እያነሱ በምትኩ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌሎች አገር በቀል ዛፎችን መትከል ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ሆኗል፤ ጎብኚም የተራቆተ ተራራ እንዴት ቀስ በቀስ ወደ ደን እንደሚመለስ በዓይኑ ሊያይ የሚችልበት ቦታ ነው።

ይሁን እንጂ ጉለሌ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከሚወርደው ከዳሎል እስከ 4,533 ሜትሩ ራስ ደጀን የምትዘረጋ አገር ናት። የደጋ ውርጭ የስምጥ ሸለቆን ግራሮች አያበቅልም፤ የዝናቡ ብዛትም ለእነሱ አይስማማም። ማንኛውም ማዕከል የአካባቢውን ዕፅዋት እንጂ የአገሩን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ደጋው ጉለሌ እንዳለው ሁሉ ስምጥ ሸለቆም በራሱ አፈርና በራሱ ሙቀት የሚሠራ የራሱ ስፍራ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ከሚመቹት ከተሞች አንዷ ሞጆ ናት።

ሞጆና ዙሪያዋ

ሞጆ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሯ ወይና ደጋ ቢባልም ከከተማዋ ወደ ቆቃና ወደ መቂ ሲወረድ ይበልጥ እየሞቀና እየደረቀ ይሄዳል። የዓመቱ ዝናብ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን ከጥቅምት በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም በጋ ነው። አፈሩ በብዙ ቦታ ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ቀላልና ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ነው፤ ወደ ደጋው ጫፍ በተጠጉት እርሻዎች ደግሞ በክረምት የሚያጣብቅ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መረሬ አለ። ሞጆን የሚከበው የሉሜ ወረዳ ገበሬ በሁለቱም አፈር ላይ ጤፍና ስንዴ ያመርታል።

ከተማዋ የመንገዶች መገናኛ ናት። የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 በሞጆ በኩል አልፎ ነው፤ አዲሱ የባቡር መስመርም እዚያው ጣቢያ አለው። ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከሞጆ ነው፤ የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብም እዚያ ይገኛል። በዚህ ላይ ከተማዋ በቆዳ ፋብሪካዎቿ ትታወቃለች። ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ ለዕፅዋቱ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በሚዘልቀው መንገድ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ የሚሸጠው ከሰል የአካባቢው ግራር ነው። መጋዘንና ፋብሪካ የሚሠራበት መሬትም ትናንት ዛፍ የተበታተነበት የእርሻና የግጦሽ ቦታ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች መንገድ ዳር የሚተከሉት ጃካራንዳ፣ ግራቪሊያ፣ ሽውሽዌና የድሬዳዋ ዛፍ ሁሉም ከውጭ የመጡ ናቸው። ክፉዎች አይደሉም፤ ጥላቸውም አበባቸውም ጥሩ ነው። ነገር ግን በአዳማ ወይም በሞጆ ያደገ ልጅ የአውስትራሊያን ዛፍ በስም እያወቀ አያቱ ከብት ያገዱበትን ዛፍ ስም ሳያውቅ የሚያድግ ከሆነ ችግሩ ያለው ከችግኝ ጣቢያው ጀምሮ ነው። ለሽያጭና ለስጦታ የሚፈላው ችግኝ ዘሩ በቀላሉ የሚገኝ፣ ቶሎ የሚበቅልና ቀጥ ብሎ የሚያድግ ስለሚሆን የአገሬው ዛፍ ከመደቡ ይቀራል።

ለሞጆ በሚታሰበው ማዕከል ግቢ ውስጥ የሚገባቸው

የስምጥ ሸለቆ ምልክት የሆነው ጃንጥላ መሰል ግራር በኦሮምኛ ደደቻ ይባላል፤ የአማርኛ ምንጮች ደወኒ ግራር ብለው ይመዘግቡታል። ከሌሎቹ ለመለየት እሾኹን ማየት ይበቃል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ዓይነት እሾኽ አለው፦ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ነጭ፤ አጭር፣ እንደ ሜንጦ የተቆለመመ። ፍሬው በተጠማዘዘ ቅርፊት ውስጥ ነው። በበጋ ሣር ሲጠፋ ፍየሎች ከሥሩ ተሰብስበው ይህን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ዘሩ በሆዳቸው አልፎ ከፋንድያቸው ጋር በሌላ ቦታ ይወድቃል። ዛፉ በድርቅ ጊዜ የእንስሳት መኖ በመሆኑ ባለ ከብቱ ቅርንጫፉን እንጂ ግንዱን አይቆርጥም ነበር። ይህን ልማድ ያፈረሰው የከሰል ገበያ ነው።

ከደደቻ ጎን ዋጩ ይቆማል። ልጡ አረንጓዴ ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ በእጅ ሲነካ ዱቄት ይለቃል፤ በመረሬ አፈር ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ይበረታል። ሙጫ የሚሰጠው የግራር ዓይነት ደግሞ በአንድ ቦታ ሦስት የተቆለመሙ እሾኾች ስላሉት ይለያል። በደኖ የግራር ዘመድ አይደለም። እሾኹ ራሱ አረንጓዴ ነው፤ ፍሬው ጣፋጭም መራራም ጣዕም አለው፤ ከፍሬው ውስጥ ያለው ፍሬ ነገር ዘይት ይወጣዋል።

ከሁሉም ይልቅ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው ገርቢ ነው፤ በሳይንሱ ፋይድኸርቢያ አልቢዳ። ገርቢ ከሌሎች ዛፎች ሁሉ የተገላቢጦሽ ይኖራል። ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በጋ ሲመጣ ይለመልማል። ለገበሬው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ጤፉና ስንዴው በሚያድግበት ወቅት ዛፉ ራቁቱን ስለሆነ ፀሐይ አይከልልበትም፤ የረገፈው ቅጠልም በስብሶ አፈሩን ያዳብራል፤ ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለአፈሩ ይሰጣሉ። በጋ ላይ ደግሞ ለከብቱ ጥላና ፍሬ ያቀርባል። በሐረርጌ ደጋማ እርሻዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት በገርቢ ሥር የተዘራ ሰብል ከዛፉ ርቆ ከተዘራው በአማካይ 56 በመቶ የበለጠ ምርት እንደ ሰጠ አሳይቷል። በሞጆና በመቂ አካባቢ ያለው ገበሬ ይህን ከጥናቱ በፊት ያውቀው ነበር፤ እርሻው መሐል ገርቢና ደደቻን እየመረጠ የሚተወው ለዚህ ነው። በማዕከሉ ውስጥ አንድ ገርቢ ብቻውን በሣር ላይ ቢቆም ግማሽ ታሪኩ ይጠፋል። ከሥሩ ጤፍ ተዘርቶ፣ ከዛፉ ርቆም ሌላ መደብ ጤፍ ተዘርቶ ጎብኚው ሁለቱን አዝመራ ማወዳደር አለበት።

የወንዙ ዳር ክፍል የኦዳ ነው። በአማርኛ ባምባ የሚባለው ይህ ዛፍ በኦሮሞ ዘንድ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት ጥላ ነው፤ በዱከም አካባቢ የሚገኘው ኦዳ ነቤ ከታወቁት የጉባኤ ቦታዎች አንዱ ሲሆን የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። የዛፉ አራባብ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የኦዳ አበባ ከውጭ አይታይም፤ ክብ በሆነው ፍሬ መሰል አካል ውስጥ ተደብቆ ያብባል። ወደ ውስጥ ገብታ የምታዳቅለው ከትንኝ የማትበልጥ አንዲት ተርብ ናት፤ ሌላ ነፍሳት ይህን ሥራ ለዛፉ አይሠራለትም። ግብፃውያን ከጥንት ጀምሮ ኦዳን ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ ወስደው ሲተክሉ ተርቧ አብራ ስላልሄደች ዛፉ እዚያ ዘር አያፈራም ነበር፤ ለሺህ ዓመታት ያራቡት ቅርንጫፉን እየቆረጡ በመትከል ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ዛፉም ተርቧም አብረው ይገኛሉ።

ቆዳ በሚለፋባት ከተማ ውስጥ ጨባ የሚባለው የግራር ዓይነት ሊቀር አይገባም። የፍሬው ቅርፊት ታኒን ይበዛዋል፤ በሱዳንና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የእጅ ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ የሚያለፉት በዚሁ ነው። ዘመናዊ ፋብሪካዎች በአብዛኛው ክሮም በሚባል ማዕድን ይጠቀማሉ፤ የሞጆ ወንዝም በፍሳሹ ምክንያት በተደጋጋሚ የጥናት ርዕስ ሆኗል። ይህን በግልጽ መናገር ለማዕከሉ ሥራም ያስፈልጋል፦ ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች ከሚወርደው ወንዝ ተቀድቶ የሚጠጣ ችግኝ የሚበላ ፍሬ የሚሰጥ ከሆነ አደጋ ነው። ውሃው ከጉድጓድ ወይም ከጣሪያ ላይ ከተጠራቀመ ዝናብ ቢመጣ ይሻላል።

የእንዶድ ትምህርት

ከመድኃኒት ዕፅዋቱ መደብ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ በሶብላና እሬት ማንም ሳያስታውስ ይገባሉ። እንዶድ ግን ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያ በሽታን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዝ ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በእነዚህ የውሃ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣን የሚገድል አገር በቀል ተክል መገኘቱ ትልቅ ግኝት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ጉዳዩ ለሞጆ ሩቅ አይደለም፤ ከአዳማ አጠገብ ባለው የወንጂ ሸንኮራ እርሻ የመስኖ ቦዮች ቢልሃርዚያ ለረጅም ዘመን የሠራተኛው ሕመም ሆኖ ቆይቷል። በደኖም በፍሬው ውስጥ ባለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ቢተከሉ ለአስተማሪ ጥሩ ትምህርት ይወጣቸዋል።

እንዶድ የማዕከልን ጥቅም ከሌላው ተክል ሁሉ ይበልጥ ያሳያል። ሁሉም እንዶድ እኩል አይሠራም። ተመራማሪዎቹ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡትን አወዳድረው ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። ምርጫው የተቻለው እያንዳንዱ ተክል ከየት እንደ መጣ በቁጥር ተመዝግቦ ስለ ነበር ነው። በተጨማሪም እንዶድ ወንድና ሴት ተክሉ ለየብቻ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። ይህን ሳያውቅ አንድ እግር ብቻ የሚተክል ግቢ ባዶ ሐረግ ይዞ ሊቀር ይችላል።

ታሪኩ ሌላም ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የቧንቧ መስመር የሚደፍኑ የሐይቅ ዛጎሎችን ይገድላል ብሎ ያለ ኢትዮጵያ ስምምነት የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ኢትዮጵያ በኋላ ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርካቦት (ሀብቱን ስለ ማግኘት) እና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998ን (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አወጣች። በዚህ አዋጅ መሠረት ዕውቀቱን ያቆየው ማኅበረሰብ ከሚገኘው ጥቅም ድርሻ አለው። ሽማግሌዎች ስለ አንድ ሥር የሚነግሩትን የሚጽፍ ማዕከል ይህን አዋጅ አውቆ ሊጽፍ ይገባል፤ ተራኪው ያልፈቀደውን ለጎብኚ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የለበትም።

ከዘር እስከ ሰሌዳ

የግራር ዘር ቢዘሩት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ሽፋኑ ድንጋይ የሆነና ውሃ የማያስገባ ስለሆነ ያለ እርዳታ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይበቅል ይቆያል። በዱር ይህን የሚሰብረው የፍየል ሆድና ጊዜ ነው። በችግኝ መደብ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ውሃ አፍልቶ ከእሳት ካወረዱ በኋላ ዘሩ ላይ ማፍሰስና እስኪበርድ፣ ከዚያም እስከ ማግስቱ መተው ነው፤ ያበጠው ተለይቶ ይዘራል፣ ያላበጠው ይደገማል። ሁለተኛው በጥፍር መቁረጫ እያንዳንዱን ዘር ጫፉን ቆንጠር ማድረግ ነው። መቆንጠጥ ያለበት ዘሩ ከቅርፊቱ ጋር ተያይዞ በነበረበት ጫፍ ሳይሆን በተቃራኒው ነው፤ ሥር የሚሆነው ክፍል ያለው በመያያዣው በኩል ስለሆነ እዚያ የተቆረጠ ዘር ይሞታል። ሁለተኛው መንገድ ጊዜ ይፈጃል፤ ለትምህርት ቤት ልጆች ግን ከዚህ የተሻለ ሥራ አይገኝም፤ እጃቸው ትንሽ ነው፣ ከሁለት ቀን በኋላም ዘሩ ሲያብጥ ያያሉ።

ዘሩ ከመታከሙ በፊት መመረጥ አለበት። የግራር ፍሬ በዛፉ ላይ እያለ ነቀዝ ይገባበታል፤ ክብ ቀዳዳ ያለው ዘር ውስጡ ተበልቷል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም በአብዛኛው ባዶ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ምርጫ ግን የእናት ዛፍ ምርጫ ነው። ከአንድ ውብ ዛፍ ሥር አንድ ኩንታል መልቀም ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን ሁሉም ወንድማማች የሆነ፣ አንድ በሽታ ሁሉንም የሚያጠቃው ደን ነው። የዘር ሰብሳቢዎች ልማድ ከ30 ባላነሱ፣ እርስ በርስ 50 ወይም 100 ሜትር ከተራራቁ ዛፎች ጥቂት ጥቂት መልቀም ነው። የዘር ባንክ የሚያስቀምጠውም እንዲህ የተለቀመውን ነው። የግራር ዘር ደርቆ ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቀመጣል። ቡና ግን እንዲህ አይችልም፤ ለዚህ ነው የቡና ዝርያዎች በጅማ አካባቢ በእርሻ ላይ ሕያው ሆነው የሚጠበቁት።

የግራር ችግኝ ገና ቅጠሉ ሁለት ጣት ሳይሞላ ሥሩ ወደ ታች ይሮጣል። የገርቢ ሥር የችግኙን ፕላስቲክ ወግቶ መሬት ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ችግኙን አንስቶ መትከል ዋናውን ሥር መበጠስ ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩ ረጅም መሆን፣ ከመሬት የሚወጣው ሥርም በየጊዜው መገረዝ አለበት። ችግኙ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተላመደ ሐምሌ ላይ አፈሩ ጠጥቶ ሲጠግብ ይተከላል። ከዚያ በኋላ የሚያጠፋው ድርቅ ብቻ አይደለም፤ ፍየልም ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውሃ ያላገኘና አጥር የሌለው ተከላ ተቆጥሮ ይተከላል፣ ሳይቆጠር ይጠፋል።

መዝገቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የዘር ስብስብ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ የዓመተ ምሕረቱን የመጨረሻ አሃዞችና የስብስቡን ተራ ይይዛል። ከቁጥሩ ጋር የዝርያው ስም፣ ቀበሌው፣ ከፍታው፣ የለቀመው ሰው፣ ቀኑና የእናት ዛፎቹ ብዛት ይጻፋል። ከአንዱ ዛፍ አበባና ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ተጨቁኖ ወደ ሄርባሪየም ይላካል፤ ስሙ ስህተት ከሆነ የሚታረመው በዚያ ነው። ሰሌዳው ላይ ደግሞ ስሙ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ በአማርኛ በፊደል፣ በሳይንሱም ይሰፍራል። ስለ ሳይንሱ ስም አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ አካሲያ የሚለውን ስም ለአውስትራሊያ ዝርያዎች ሲያጸድቅ የአፍሪካ ግራሮች ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ተብለዋል። በቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ግን አካሲያ ተብለው ስለሚገኙ አንባቢ እንዳይደናገር ሁለቱንም ስም መጻፍ ይሻላል።

የማኅበረሰቡ ሥራ

ማዕከል የማኅበረሰብ ይሆናል የሚባለው ቦርዱ ውስጥ አንድ የቀበሌ ተወካይ ስለ ተቀመጠ አይደለም። እናት ዛፎቹ ያሉት በገበሬው እርሻ ላይ ነው፤ ዘሩን የሚለቅመው፣ ዛፉን ሳይቆርጥ የሚያቆየውም እሱ ነው። ስለዚህ ለዘሩ ዋጋ ሊከፈለው፣ ስሙም በመዝገቡ ሊሰፍር ይገባል። እንጨት ለቅመው የሚሸጡ ሴቶች የትኛው ቁጥቋጦ ቶሎ እንደሚያቆጠቁጥ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ ግቢውን በአጥር ከልሎ እነሱን ማባረር ዕውቀቱንም ማባረር ነው። እድሮች ለመቃብር ቦታቸው አገር በቀል ዛፍ ይፈልጋሉ፤ ከማዕከሉ ችግኝ መውሰድ የሚችሉ የመጀመሪያ ደንበኞች እነሱ ናቸው።

ለተማሪዎች ተስማሚው ሥራ ጎብኝቶ መሄድ ሳይሆን መመዝገብ ነው። እያንዳንዱ ክፍል አምስት ዛፎችን ተረክቦ በየሳምንቱ ቅጠል የሚያወጡበትን፣ የሚያብቡበትን፣ ፍሬ የሚያራግፉበትን ቀን ይጽፋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ይህ ደብተር የአየር ንብረቱ ለውጥ በስምጥ ሸለቆ ዛፎች ላይ ምን እንዳደረገ የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል፤ ይህን መረጃ በገንዘብ መግዛት አይቻልም።

ከግቢው ሊከለከሉ የሚገባቸውም አሉ። ቅንጬ አረም የሚባለው ፓርቴኒየም ከእርዳታ እህል ጋር እንደ ገባ የሚታመን ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሐዲዱና በመንገዱ ዳር ተዛምቷል፤ የመንገድ መገናኛ የሆነችው ሞጆም አልተረፈችም። ከውጭ በሚመጣ አፈርና ፍግ ዘሩ ስለሚገባ የመደብ አፈር ከየት እንደ መጣ መታወቅ አለበት። ለአጥር ውበት የሚተከለው የወፍ ቆሎ በወፍ ሆድ ተሸክሞ ወደ ዱር ይወጣል። በአፋር የግጦሽ መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ ደግሞ ከሩቅ ግራር ስለሚመስል ሰው ሳያውቅ ሊተክለው ይችላል። እነዚህ በግቢው ውስጥ መታየት ያለባቸው በደረቅ ናሙናና በሥዕል ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ማዕከል መሬት፣ አጥርና ውሃ እስኪያገኝ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ዘር መልቀም ግን መሬትን አይጠብቅም። ደደቻና ገርቢ ፍሬያቸውን የሚያራግፉት በበጋ ነው፤ ነቀዝ ሳይገባበት ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ቁጥር ተሰጥቶት በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ዘር ግቢው በሚከፈትበት ጊዜ ይደርሳል። መንገድ ሊወጣበት ወይም መጋዘን ሊሠራበት በተለካ እርሻ ላይ ያለ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ዘሩ ይሰብሰብ፤ የትምህርት ቤት ክበብም፣ የቀበሌ ግብርና ባለሙያም፣ ገበሬውም በዚህ ዓመት ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።